«ልጄ አልበላ አለኝ»

(በባሕር ዳር ለአፀደ ሕፃናት ወላጆች ካቀረብኩት ንግግር ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ውጭ የጣና ነፋስ እያለ እዚህ አዳራሽ ገብታችሁ መቀመጣችሁ ነገሩ ምን ያህል እንዳስጨነቃችሁ ያሳያል። አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «የሕፃናት የተመጣጠነ አመጋገብ» የሚል ነበር። እናንተ ግን ስትገቡ በር ላይ የነገራችሁኝ ሌላ ነው። «ሲስተር፣ ልጄ አልበላ አለኝ።» ስለዚህ ርዕሱን ቀይሬዋለሁ።

ይህን ጉዳይ የሞላለት ቤት ቅብጠት አድርጎ የሚያየው ሰው አለ። እኔ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 46 ከመቶው ቀንጭረው፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው አጥሮ ነው የተገኙት። የአገሪቱ አማካይ 38 ከመቶ ነበር። እንግዲህ ጤፍ የሚጫነው ከዚሁ ከጎጃም ነው። ሩዙ ከፎገራ፣ ድንቹና ሽንኩርቱ ከቆጋ መስኖ፣ ዓሣው ከደጃችን ይመጣል። ለመቀንጨር ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ድህነቱም፣ ተቅማጡም፣ የውሃው ንጽሕናም አለበት። አንዱ ምክንያት ግን ልጆቻችን ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ነገር መብላታቸው ነው። እንጀራ በሽሮ፣ ዳቦ በሻይ፣ እንደገና እንጀራ በሽሮ። ሽሮን አልነካም፣ ሽሮ ደግ ምግብ ነው። ግን ልጁ ከሽሮና ከዳቦ ሌላ አፉን የማይከፍት ከሆነ ገበያው ቢሞላ ለእሱ ምንም አይጠቅመውም።

አሁን ወደ ልጁ እንምጣ።

ሲወለድ 3 ኪሎ የነበረ ልጅ ዓመት ሲሞላው 9 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ሦስት እጥፍ ማለት ነው። በሁለተኛው ዓመት የሚጨምረው ግን 2 ኪሎ ተኩል አካባቢ ብቻ ነው። እድገቱ ቀዝቀዝ ሲል የምግብ ፍላጎቱም አብሮ ይቀንሳል። እናት ግን ያን ጊዜ ሲጎርስ የነበረውን እያስታወሰች «ምን ነካብኝ?» ትላለች። ብዙ ጊዜ ምንም አልነካውም። በዚያው ሰሞን ደግሞ መራመድ ይጀምራል፣ «እምቢ» ማለትን ይማራል፣ ያላየውን ምግብ መፍራት ይመጣል። ከ2 ዓመት እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ ብዙ ልጆች አዲስ ምግብ ይፈራሉ። አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህ ፍርሃት ጠባቂ ነው ይላሉ። ገና መሄድ የጀመረ ልጅ ያገኘውን ቅጠል ሁሉ አፉ ውስጥ ቢከት ኖሮ አያድግም ነበር። መራራ ነገር መጥላትና ጣፋጭ መውደድም ከእናት ሆድ ይዞት የሚመጣው ነው። ስለዚህ ጎመኑን ሲተፋ እናንተን ለማናደድ ብሎ አይደለም። ጎመን ለእሱ በእርግጥ ይመራል።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ጥፋቱን ሁሉ በተፈጥሮ ላይ አልጥልም። የአንድ ልጅን ቀን አብረን እንከተል። ማንንም አላሳጣም፣ ብዙ ቤት ያለ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስኳር የበዛበት ሻይ በዳቦ። 3 ሰዓት ላይ እንዳያለቅስ ብስኩት። 4 ሰዓት ተኩል ላይ አጎት የታሸገ ጁስ ይዞ መጣ። አጎት ባዶ እጁን አይመጣም። 5 ሰዓት ላይ ሠራተኛዋ ሱቅ ስትላክ ተከትሏት ሄዶ ቺፕስ ይዞ ተመለሰ። 6 ሰዓት ተኩል ላይ ምሳ ቀረበ። «አልበላም።» ልጁ እኮ እውነቱን ነው። በልቷል! ምሳ ሳይበላ ስለቀረ ደግሞ 8 ሰዓት ላይ «ባዶ ሆዱን ከሚውል» ተብሎ ሌላ ብስኩት ይሰጠዋል። እራትም እንደዚሁ።

ብዙዎቻችሁ ዛሬ ከዚህ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ በቂ ነው። በምግብና በምግብ መሃል ብስኩትና ጁስ የሚገባበትን ቀዳዳ ድፈኑት። ትንሽ ልጅ በየ2 ሰዓት ተኩሉ፣ በየ3 ሰዓቱ ይብላ። ሦስት ዋና ምግብ፣ ሁለት መክሰስ። መክሰሱም ምግብ ይሁን፤ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ግማሽ እንቁላል፣ እርጎ። በመሃል የሚጠጣው ውሃ ብቻ ነው። ወተት ለሚወዱ ልጆችም ልክ አለው። ዓመት ያለፈው ልጅ በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ የላም ወተት ከጠጣ ሆዱ በወተት ይሞላል። የብረት ማዕድን እጥረትም ይመጣበታል፤ በወተት ውስጥ ብረት የለም ማለት ይቻላል።

ሻይን ለብቻው ላንሳው። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ በምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት አንቆ ይይዘዋል፣ ወደ ደም አያሳልፈውም። ጤፉ፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ብረት አለው ብለን ደስ ሲለን ሻዩ ያስቀርብናል። ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ብርቱካንና ዘይቱና (ጓቫ) ደግሞ በተቃራኒው ብረቱን ያስገባሉ። ለትንሽ ልጅ ሻይ አያስፈልገውም። ደም የሚያንሰው ልጅ ደግሞ የምግብ ፍላጎቱ ይጠፋል። አፈር ወይም ግድግዳ የሚልስ ልጅ ያላችሁም እዚህ ትኖራላችሁ። አትቆጡት፣ ይዛችሁት ወደ ጤና ጣቢያ ኑ።

አሁን ደፈር ብዬ ስለ ጉርሻ ልናገር ነው።

ጉርሻ ፍቅራችን ነው፣ አልቃወመውም። እስቲ ግን እጃችሁን ተመልከቱ። የአዋቂ ጉርሻ ሦስት ጣት ሙሉ ነው። በወጥ የራሰ እንጀራ፣ ተጠቅልሎ፣ ተጨቁኖ። ይህ የ2 ዓመት ልጅ አፍ ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል? ጉንጩ ይነፋል። ዓይኑ እንባ ያቀርራል። አይውጠውም፣ አይተፋውም፣ ጉንጩ ውስጥ ይዞት ይቀመጣል። «ዋጥ! ዋጥ አድርግ!» እንላለን። እሱ ያያችኋል። ጉንጩ ውስጥ ያለው እንጀራ ቀስ እያለ ይላቁጣል። ሁለተኛው ጉርሻ ደግሞ እጃችን ላይ ተዘጋጅቶ እየጠበቀው ነው። ይህ ልጅ በሚቀጥለው ቀን እጅ ወደ አፉ ሲመጣ ፊቱን ቢያዞር ይገርማል?

ከጉርሻው ጋር የሚሄዱት ሌሎቹም አሉ። «ለእማዬ አንድ፣ ለአባዬ አንድ፣ ለአያቴ አንድ።» ዘመዱ ሲበዛ ልጁ አበቃለት። «ካልበላህ ጅብ ይመጣል።» «ካልበላህ ሲስተር መርፌ ትወጋሃለች።» በዚህችኛዋ እኔ በግሌ ቅር ይለኛል፤ ክትባት ሲመጣ የሚጮህብኝ ለዚህ ነው። አዲሱ ዘዴ ደግሞ ስልክ ነው። ካርቱን ይከፈትለታል፣ አፉን ከፍቶ ይቀራል፣ ማንኪያው ይገባል። በእርግጥ ይበላል። ግን ምን እንደበላ አያውቅም፣ መጥገቡንም አያውቅም። ጣዕሙን ካላወቀው ነገ ያንኑ ምግብ ያለ ስልክ ሲያየው እንደ አዲስ ነው።

እንግዲህ ሥራውን መከፋፈል ነው የሚሻለው። ምን ይቀርባል፣ መቼ ይቀርባል፣ የት ይበላል? ይህ የወላጅ ነው። ይበላል ወይስ አይበላም፣ ምን ያህልስ? ይህ የልጁ ነው። ወላጅ የልጁን ድርሻ ሲወስድ ጠብ ይመጣል። ልጁ የወላጁን ድርሻ ሲወስድ ደግሞ ቤቱ በየቀኑ የተጠበሰ ድንችና ፓስታ ይበላል።

«በራሱ ከተተወማ ይራባል» የምትሉ ይኖራችኋል። ክላራ ዴቪስ የምትባል አሜሪካዊት የሕፃናት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ይህንኑ ፈትናዋለች። ገና ጡት የጣሉ 15 ልጆች ፊት የተለያዩ ምግቦች ትሪ ላይ እየቀረቡላቸው የፈለጉትን እንዲያነሱ ተደረገ። በጠቅላላው ከ30 በላይ ምግብ ነበር። ነርሶቹ ማንኪያ ይዘው ቁጭ ይላሉ፤ ልጁ ካልጠቆመ አያጎርሱም፣ «ይህ ይሻላል» አይሉም። ልጆቹ የሚገርም ነገር በሉ። ብርቱካን ጭማቂና ጉበት ቁርስ ያደረገ አለ። የአንዱ ምርጫ ከሌላው አይገናኝም። ግን ሁሉም በደንብ አደጉ። ይህን ጥናት ብዙ ሰው «ልጅ የሚያስፈልገውን ያውቃል» ለማለት ይጠቅሰዋል። እኔ የምወደው ሐኪሟ ራሷ ያለችውን ነው። ምስጢሩ ያለው በዝርዝሩ ላይ ነው አለች። ከ30 በላይ በሆኑት ምግቦች ውስጥ ስኳር የለም፣ ከረሜላ የለም፣ ነጭ ዱቄት የለም። ልጁ ምንም ቢመርጥ ጥሩ ነገር ነው የሚመርጠው። ብስኩቱ ትሪው ላይ ቢኖር ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

ይህ ለእኛ ከባድ አይደለም። ማዕድ አለን። አንድ ትሪ፣ ከመሃሉ ሽሮ፣ በጎኑ ጎመን፣ እዚያ ጋ ድንች፣ እዚህ ጋ ዓይብ። ልጁ የወደደውን ያነሳል፣ ያልወደደውን ያያል። ሌሎች ሲበሉት ያያል። ልጅን ለብቻው ቀድሞ አብልቶ አዋቂው በኋላ መብላቱ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ለልጁ ብቻ ሌላ ምግብ መሥራትም አያስፈልግም። ሁልጊዜ የሚያውቀው አንድ ነገር ማዕዱ ላይ ይኑር፣ ያ በቂ ነው። ጠላሁት ካለ እንጀራና ድንቹን በልቶ ይነሳል። መጠኑም አያስደንግጣችሁ፤ ለእያንዳንዱ የዕድሜ ዓመት ከእያንዳንዱ ምግብ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል በቂ መነሻ ነው። የ3 ዓመት ልጅ ሦስት ማንኪያ ሽሮ በእንጀራ ከበላ በላ እንጂ «ነካ ነካ አደረገው» አይባልም።

አዲስ ምግብን እንዴት እናስለምድ? እዚሁ ከደጃችን ያለውን ዓሣ እንውሰድ። በጣና ዳር ተቀምጠን ዓሣ የማይበላ ልጅ ማሳደግ ትንሽ ያሳዝናል። ፕሮቲኑ ለልጅ የሚስማማ ነው፣ ሥጋው ለስላሳ ነው፣ ለማኘክ አይከብድም። ነጭ ዓሣ የምንለው እሾኹ ቀጫጭንና ብዙ ስለሆነ ለትንሽ ልጅ ተዉት። የቀረሶ ወይም የአምባዛ ፊሌቶ ግዙ። በሎሚና በጨው እጠቡት፣ ሽታው ይቀንሳል። በትንሽ ዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቲማቲም አብስሉት፤ ሚጥሚጣው ለእናንተ በኋላ ይጨመራል። ከዚያ በጣታችሁ ፈርፍሩት። ዓይን ያመለጠውን እሾኽ ጣት ያገኘዋል። ስለዚህ ችኮላ የለም፣ ፍርፋሪውን ሁሉ አንድ ባንድ ዳሱት።

የመጀመሪያ ቀን ከሚወደው ድንች አጠገብ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ዓሣ ቁጭ አድርጉ። ዝም በሉ። «ቅመሳት» አትበሉ፣ «ጤናማ ናት» አትበሉ። እናንተ እየበላችሁ ተጫወቱ። ምናልባት አያያትም። በሌላ ቀን በጣቱ ይገፋታል። በሌላ ቀን አሽትቶ ይመልሳታል። አንድ ቀን ምላሱን ያስነካትና ይተፋታል። ሶፍት አጠገቡ አድርጉለት፣ መትፋት ይፈቀዳል። የሚተፋ ልጅ እኮ ቀምሷል! ሎሚውን እሱ ይጭመቅ፤ የጨመቀውን ሎሚ የሚተው ልጅ ጥቂት ነው። በጥናት የታየው አንድ ምግብ ለመለመድ ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልግ እንደሚችል ነው። አብዛኞቻችን ሦስተኛው ላይ «አይወድም» ብለን ዘጋነው። የምታቀርቡት ጥፍር የምታህል ስለሆነች ብትጣልም አያስቆጭም። ዋጋው በዚህ ሰዓት ለማንም ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ጎመንም እንደዚሁ ነው፣ ትንሽ ብልሃት ሲጨመርበት። በደቃቁ ይከተፍ፣ ከድንች ጋር ይቀላቀል፣ ዘይት ወይም ቅቤ አይጣው። ጎመን፣ ካሮትና ማንጎ ውስጥ ያለው ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጠው ነገር ያለ ቅባት በደንብ አይገባም። ሽሮ ውስጥ ደብቆ ማብላትን አልቃወምም። ግን የተደበቀውን ብቻ የሚበላ ልጅ ጎመን መብላት አልተማረም፤ ማዕዱ ላይም በግልጽ ይየው። አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። «ጎመኑን ከበላህ ከረሜላ» አትበሉ። ልጁ የሚማረው ከረሜላ ሽልማት፣ ጎመን ቅጣት እንደሆነ ነው።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። ለእራት አይብቃ። ያቦካው ልጅ ግን ይቀምሰዋል። ሰላጣ ይበጥስ፣ አተር ይፈልፍል፣ ገበያ ይሂድና ካሮቱን ይምረጥ። ወጥ ቤት ትንሽ ይበላሻል፣ ይሁን።

ስለ ጾም አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሥራዬን አልሠራሁም። በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም ቤት ነው ያለን። ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ የጾም ግዴታ የለበትም፣ ይህን ካህናቱም ይነግሯችኋል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ሃይማኖቱ ላይ አይደለም። ድስቱ ላይ ነው። እናት ዕቃዬ በቅቤና በወተት ይነካብኛል ብላ ስለምትሰጋ ልጁም ሳይታሰብ ይጾማል። መፍትሔው አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንዲት ሳህንና አንዲት ማንኪያ ለልጁ ለይቶ ማስቀመጥ ነው። እንቁላሉ በእሷ ይቀቀላል፣ ወተቱ በእሷ ይፈላል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ልተወው። እኔ ክትባት እሰጣለሁ እንጂ ውግዘት አልሰጥም።

እምቢተኝነት ሁሉ ግን ምርጫ አይደለም። ክብደቱ የቀነሰ ወይም ለወራት ያልጨመረ፣ ሲውጥ የሚያመው፣ ተቅማጥ የሚመላለሰው፣ የገረጣ፣ መጫወት የተወ ልጅ መታየት አለበት። ሐይቁ ዳር ስለምንኖር ቢልሃርዚያ አለ፣ የሆድ ትላትልም አለ። ሁለቱም ፍላጎት ይዘጋሉ፣ ሁለቱም ይታከማሉ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ በጤና ጣቢያ የክንዱ ዙሪያ ሲለካ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ክትትል ያስፈልገዋል። ከ11.5 በታች ከሆነ ቀን አይሰጥም። ኮሎና ለውዝ የምትሰጡም ተጠንቀቁ፤ ከ4 ዓመት በታች ያለውን ልጅ ያንቃል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ነበር። ሦስቱን ብቻ ላስፍር።

አንድ አባት ተነስተው «እኔ ራሴ ጎመን አልበላም፣ ምን ልሁን?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። መልሴ አጭር ነበር። ልጁ የሚያየው አፍዎን ነው እንጂ የሚናገሩትን አይሰማም። እርስዎም እንደ ልጁ ጥፍር ከምታህል ይጀምሩ። ካልሆነም ቢያንስ ልጁ ፊት «ይቺን አንሱልኝ» አይበሉ።

አንዲት እማማ ደግሞ «እኛ ስናድግ ማን መርጦ ነው? የቀረበውን ነበር የምንበላው» አሉ። እውነትዎን ነው እማማ፣ አልኳቸው። እርስዎ ሲያድጉ በምሳና በእራት መሃል ብስኩት አልነበረም። ማዕዱ አንድ ነው፤ የዘገየ ልጅ ወንድሙ ይጨርስበታል። «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እያለ ማንኪያ ይዞ ግቢውን የሚዞርም ሰው አልነበረም። እማማ ጥቂት አሰቡና «እሱስ አሁን የምዞረው እኔ ነኝ» ብለው ቁጭ አሉ።

የመጨረሻው ጥያቄ የምሳ ዕቃ ነበር። ምን እንክተት? ቤት የለመደውን ክተቱ፣ አዲስ ምግብ ትምህርት ቤት አይጀመርም። እንጀራ ፍርፍር ከሆነ በጎኑ ግማሽ እንቁላል። ሩዝ ከሆነ ካሮትና አተር ቀላቅሉበት። ቁራጭ ማንጎ ወይም ሙዝ፣ በኮዳው ውሃ። ጁሱን ቤት ተዉት። መጠኑን ቀንሱት፤ የሞላ ምሳ ዕቃ ልጁን ገና ሲከፍተው ያደክመዋል። የተረፈውን ይዞ ሲመለስ በር ላይ ከፍታችሁ አትመርምሩት፣ መጀመሪያ «ምን ተጫወትክ?» በሉት። ከመምህራኑም አንድ ነገር ጠየቅሁ፤ «ያልጨረሰ ውጭ አይወጣም» የምትለዋ ደንብ ትነሳልን። ዳይሬክተሯ ከኋላ ወንበር ሆነው ከመምህራኑ ጋር ትንሽ ተንሾካሾኩና «ከሰኞ ጀምሮ ተነስታለች» አሉ።